የፌስቱላ ሆስፒታልና ዘግይቶ የተከፈተው የአዋላጆች ትምህርት ቤት

አንድ ሐኪም ቤት ለአካባቢው ሕዝብ የሚሰጠው ጥቅም ብዙ ጊዜ የሚለካው በአልጋዎቹ ብዛትና ታክመው በዳኑት ሰዎች ቍጥር ነው። ይህ መለኪያ የሚናቅ አይደለም። ዳሩ ግን ወደ ሐኪም ቤቱ ደጃፍ ከቶ ሳይደርስ በየመንደሩ የሚኖረው ሕዝብ፣ ሐኪም ቤቱ በመኖሩ ምክንያት ከሕመም ምን ያህል ተጠበቀ ተብሎ ሲጠየቅ የአልጋ ቍጥር መልስ አይሰጥም። ትርፍ የማይፈልጉና በበጎ አድራጊዎች ርዳታ የሚተዳደሩ ሐኪም ቤቶች ደግሞ ይህን ጥያቄ ከማንም ይልቅ ሊጠየቁ ይገባል፤ የተቋቋሙት ለሕዝብ ጤና ነውና። የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል ታሪክ በዚህ ረገድ ሊመረመር የሚገባው ነው። ይህ ሐኪም ቤት በዓለም ሁሉ የታወቀው በጥገና ሥራው ነው። መሥራቾቹ ግን ወደ ኢትዮጵያ የተጠሩት አዋላጆችን እንዲያስተምሩ ነበር። ከዚያ ጥሪ እስከ ፍጻሜው ድረስ አርባ ስምንት ዓመት ያህል አለፈ።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንዲት ልዕልት ሞት ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን በሎንዶን በሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ሙያ የተማሩ ነበሩ። አገሪቱ ነጻ ከወጣች በኋላ ወደ ወለጋ ሄደው ሳሉ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በነቀምቴ በወሊድ ጠንቅ ዐረፉ። ዕድሜያቸውም ገና 23 ዓመት አልሞላም ነበር። የንጉሠ ነገሥት ልጅ፣ ያውም ራሳቸው ነርስ የነበሩ እመቤት ከዚህ ሞት ካላመለጡ፣ ከነቀምቴም ከማናቸውም ከተማ ርቃ በምትኖረው የገበሬ ሚስት ላይ የሚደርሰውን ማሰብ አያዳግትም። ለመታሰቢያቸው ሐኪም ቤት እንዲሠራ ተወሰነና በአገር ውስጥም በውጭም ገንዘብ ተሰበሰበ። በእንግሊዝ አገር ገንዘቡን በማሰባሰብ ከሁሉ ይልቅ የደከሙት የኢትዮጵያ ወዳጅ ሲልቪያ ፓንክረስት ነበሩ። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በ1940ዎቹ መጀመሪያ ተከፈተ፤ በኋላ ዘመን የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የተባለው ይኸው ነው። እንግዲህ ለዚህ ታሪክ መነሻ የሆነው ሐኪም ቤት ራሱ ከምጽዋት የተሠራ፣ በወሊድ ምክንያት ለሞቱ እናት መታሰቢያ የቆመ ቤት ነበር ማለት ነው።

በ1951 ዓ.ም. ገደማ ይህ ሐኪም ቤት የአዋላጆች ትምህርት ቤት የሚያቋቁም የማሕፀንና የወሊድ ሐኪም እንደሚፈልግ ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ማስታወቂያ ወጣ። ማስታወቂያውን ያነበቡት የኒውዚላንዱ ተወላጅ ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና የአውስትራልያዪቱ ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ነበሩ። ሁለቱም በሲድኒ ከተማ በአንድ የሴቶች ሆስፒታል አብረው ሲሠሩ የተዋወቁና በ1950 እ.ኤ.አ. የተጋቡ የወሊድ ሐኪሞች ናቸው። የሦስት ዓመት ውል ፈርመው ሕፃን ልጃቸውን ይዘው በግንቦት ወር 1951 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ሦስቱ ዓመት ለባልዮው ሠላሳ አራት፣ ለሚስትዮዋ ስድሳ ዓመት ሆኖ ቀረ።

እንደ ገቡም ከዚያ በፊት ባገራቸው ዐይተውት የማያውቁት ሕመም አጋጠማቸው። ሕመሙ የማያውቁት ስለ ሆነ ብቻ አልነበረም ያስደነገጣቸው፤ መጽሐፍ ላይ ያነበቡት፣ ነገር ግን ያለፈ ዘመን ሕመም ነው ብለው የተዉት ስለ ነበረ ነው። ይህም ፌስቱላ የሚባለው ነው። አገራችን ውስጥ ቃሉ አሁን በሰፊው ስለ ታወቀ ሌላ ስም መፈለግ አያሻም፤ ነገር ግን ምን እንደ ሆነ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙው ጥፋት የመጣው በኀፍረት ሳይነገር በመቅረቱ ነውና። ምጥ በጊዜው ሳይፈጸም ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የሚበልጥ ቀን ሲቆይ፣ የሕፃኑ ራስ በእናቲቱ የዳሌ አጥንት መካከል ተጨናንቆ ይቀራል። ራሱ ከፊት ያለውን የሽንት ፊኛ፣ አንዳንዴም ከኋላ ያለውን አንጀት ከአጥንት ጋር አጣብቆ ስለሚጫን ወደዚያ ገላ ደም መድረሱ ይቋረጣል። ደም ያጣ ሥጋ ይሞታል፤ ከጥቂት ቀን በኋላም ተቈርሶ ይወድቅና ቀዳዳ ይከፈታል። ከዚያ ወዲያ ሽንት፣ አልፎ አልፎም ዐይነ ምድር፣ ሌትና ቀን ያለ ማቋረጥ ይፈስሳል። ሕፃኑ በአብዛኛው ሞቶ ይወለዳል። ነርቧ ተጎድቶ እግሯን ማንሣት የሚሳናት ሴት አለች፤ እርጥበቱን ለመሸሽ ተኰራምታ ወራትን ከመተኛቷ የተነሣ ጕልበቷ ታጥፎ የሚቀርም አለች። ይህ ሁሉ ግን ምጡ በተያዘ ጊዜ ሆድን ከፍቶ ሕፃኑን የሚያወጣ ሐኪም ቢገኝ የማይደርስ ነበር። በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በአውስትራልያ ሕመሙ ሊጠፋ የቻለው በዚሁ ምክንያት ነው።

የሴቲቱ መከራ በገላዋ ላይ በደረሰው ጉዳት አያበቃም። ልጇን የቀበረች ሴት በሽታው እያሸተተ ከባሏ ጋር መኖር ይሳናታል። ብዙዎቹ ወደ ወላጆቻቸው ቤት ተመልሰው ከዋናው ቤት በተለየች ጎጆ ይኖሩ ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ፣ ወደ ገበያም ወደ ልቅሶም መሄድ ይቀራል። ጎረቤት እርግማን ነው ይላል፤ እርሷም ታምናለች። እዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ስለዚህ ሕመም የሚጽፉ የውጭ አገር ሰዎች ባልን ሁልጊዜ ጨካኝ፣ ዘመድን ሁልጊዜ አረመኔ አድርገው ይሥላሉ። እውነቱ እንዲህ አይደለም። ልጃቸውን በቃሬዛ ተሸክመው የቀናት መንገድ የተጓዙ አባቶች፣ ላማቸውን ሸጠው ለመሳፈሪያ የሰጡ እናቶች፣ ሚስታቸውን ሳይተዉ በሐኪም ቤቱ ደጅ የጠበቁ ባሎች ነበሩ። የጎደለው ፍቅር ሳይሆን መንገድና ሐኪም ነበር።

በሽታው አዲስ አይደለም። በግብጽ አገር ከአራት ሺህ ዓመት በፊት በነበረች ሔንሔኒት በምትባል የቤተ መንግሥት ሴት አስከሬን ላይ ይህ ቀዳዳ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ተመርምሮ ታውቋል። ጥገናውን በአስተማማኝ መንገድ በመሥራት ስሙ የገነነው ግን በ19ኛው መቶ ዓመት የነበረው አሜሪካዊ ሐኪም ማሪዮን ሲምስ ነው። የዚህ ሰው ታሪክ ሁለት ገጽ አለው። በ1849 እ.ኤ.አ. በብር ክር ሰፍቶ ቀዳዳውን መዝጋት ቻለ፤ በ1855 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ከተማ የሴቶች ሆስፒታል አቋቋመ። ዳሩ ግን ጥበቡን ያገኘው በአላባማ አገር ባሮች በነበሩ ጥቁር ሴቶች ላይ ያለ ማደንዘዣ ደጋግሞ በመቍረጥ ነበር። ከእነርሱ መካከል አናርካ፣ ቤትሲና ሉሲ የሚባሉት ስማቸው ተመዝግቦ ይገኛል። አናርካ ብቻ ሠላሳ ጊዜ ያህል ተቀድዳለች። ባሪያ እንቢ ለማለት መብት የለውም። ስለዚህ ሰውዬውን የማሕፀን ሕክምና አባት እያሉ የሚያመሰግኑ መጻሕፍት የእነዚህን ሴቶች ስም ሳይጽፉ ማለፋቸው በዘመናችን በትክክል ተነቅፏል፤ በኒውዮርክ ቆሞ የነበረው ሐውልቱም በ2018 እ.ኤ.አ. ከቦታው ተነሥቷል።

ለሐምሊኖች ይበልጥ የቀረበው መምህር በካይሮ የነበሩት ግብጻዊው የማሕፀን ሐኪም ናጊብ ማሕፉዝ ናቸው። (ታላቁ የግብጽ ደራሲ ስሙን ያገኘው ካዋለዱት ከእኒሁ ሐኪም ነው።) ባልና ሚስቱ ማሕፉዝ የጻፉትንና የሣሉትን እየመረመሩ፣ ከሌሎችም መጻሕፍት እያመሳከሩ ጥገናውን በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ውስጥ ራሳቸው ተማሩት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 300 ያህል ሴቶችን አከሙ። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ በየአውራጃው ተሰማ። አንዲት ሴት ድና ወደ መንደሯ ስትመለስ በሚቀጥለው ጊዜ ሁለት ሦስት ሆነው ይመጡ ነበር። በአጠቃላይ ሆስፒታል ውስጥ ግን ለእነዚህ ሴቶች አልጋ ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ፤ ሌሎች በሽተኞች ሽታውን አይታገሡትም፤ ለሞት ያልቀረበች በሽተኛም ተራዋ ወደ ኋላ ይቀራል። በዚህ ምክንያት በዚያው ቅጥር ግቢ ለብቻቸው ማረፊያ ተሠራላቸው። የራሳቸው ሐኪም ቤት የመሥራት ሐሳብም ከዚህ ተወለደ።

የተጠሩበት የአዋላጆች ትምህርት ቤትስ ምን ሆነ? ተከፍቶ ነበር። ዐሥር ያህል አዋላጆች ከተመረቁ በኋላ ግን ገንዘብ ጠፋ ተብሎ ተዘጋ። ይህን ነገር በዝርዝር የሚያወሳው ጥቂት ሰው ነው፤ የፌስቱላ ሆስፒታልን ታሪክ የሚጽፉ ሁሉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል። በእኔ አስተያየት ግን ከታሪኩ ሁሉ የሚከብደው ቦታ ይህ ነው። ቀዳዳውን የሚሰፋ እጅ ተገኘ፤ ቀዳዳው እንዳይከፈት የሚጠብቅ እጅ ግን እንዳይበረክት ተደረገ። አንድ ሐኪም አንዲትን ሴት ለመጠገን ሰዓታት ይፈጅበታል፤ ሴቲቱም በአልጋ ላይ ሳምንታት መቆየት አለባት። አንዲት አዋላጅ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ መቶና ከዚያ በላይ ምጥ ልታይ ትችላለች፤ ከእነዚህ ውስጥ የተጨናነቀውን በጊዜ ለይታ ብትልክ የምታድናቸው ሴቶች ቍጥር በማናቸውም የሐኪም ቤት መዝገብ አይጻፍም፤ ሳይታመሙ የቀሩ ናቸውና። ለገንዘብ ሚኒስቴርም ሆነ ለበጎ አድራጊ ማኅበር የዳነችን በሽተኛ ማሳየት ይቻላል፤ ሳትታመም የቀረችን ግን ማን ያሳያል? ትምህርት ቤቱን የዘጉት ሰዎች ክፉዎች ነበሩ አይባልም። የማይታየውን ጥቅም በበጀት መዝገብ ውስጥ ማስገባት ዛሬም ቢሆን ለማንም ቀላል ሆኖ አልተገኘም።

የፌስቱላ ሆስፒታል በአዲስ አበባ በወንዝ ዳር በተገዛ መሬት ላይ ተሠርቶ በ1967 ዓ.ም. ተከፈተ። ዘመኑን ልብ ይሏል። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው የወረዱበት፣ የውጭ አገር ሰዎች ንብረታቸውን ጥለው የሚሄዱበት ዓመት ነበር። ሐምሊኖች አልሄዱም። ደርግም ሐኪም ቤቱን አልነካውም።

ሐኪም ቤቱ ከመጀመሪያው ያወጣቸው ሕጎች ቀላል ናቸው። ሕክምናው ያለ ክፍያ ነው፤ ምግቡም አልጋውም እንዲሁ። የዳነች ሴት ወደ አገሯ ስትመለስ አዲስ ቀሚስና የመሳፈሪያ ገንዘብ ይሰጣታል። ቀሚሱን ትንሽ ነገር ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ለዓመታት አንድ የረጠበ ጨርቅ ለብሳ ከሰው ተለይታ የኖረች ሴት በአውቶቡስ ውስጥ ከሌላው መንገደኛ መካከል ደረቅና አዲስ ልብስ ለብሳ ስትቀመጥ፣ ያ ቀሚስ ከስፌቱ የማይተናነስ የሕክምና ክፍል ነው። እግራቸው የታጠፈባቸው ሴቶች ከጥገናው በፊትና በኋላ በእጅና በእንቅስቃሴ ይታሻሉ፤ በምግብ እጦት የመነመኑት ሰውነታቸው እስኪጠነክር ድረስ ይጠብቃሉ። ከመቶው ዘጠና ያህሉ ቀዳዳቸው ይዘጋል። ድርጅቱ ሥራውን ከጀመረ ወዲህ ያከማቸው ሴቶች ከ60 ሺህ በላይ እንደ ሆኑ ያስታውቃል።

ከሁሉም በላይ ግን ሐኪም ቤቱን ከሌሎች የለየው አሠራር በሽተኞቹን ሠራተኛ ማድረጉ ነው። ድነውም ሆነ ሙሉ በሙሉ ሳይድኑ ወደ መንደራቸው መመለስ ያልፈለጉ ወይም ያልቻሉ ሴቶች በነርስ ረዳትነት ሠለጠኑ። አልጋ ያነጥፋሉ፤ አዲስ የመጣችውን ያጥባሉ፤ ከሁሉም ይልቅ ያነጋግሯታል። ነጭ ካባ የለበሰ ሐኪም ትድኛለሽ ቢላት የማታምን ሴት፣ እኔም እንዳንቺ ሆኜ ነበር የምትላትን ታምናለች። ይህ በምንም መድኃኒት የማይተካ ነው።

ከእነዚህ ሴቶች ሁሉ ስማቸው በዓለም የተሰማው ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ገና ወጣት ሳሉ የመጀመሪያ ልጃቸውን በረዥም ምጥ አጥተው፣ በጠና ተጎድተው ወደ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል መጡ። ዳኑም። እዚያው ቀርተው አልጋ ማንጠፍ፣ ቀጥሎም በቀዶ ጥገናው ክፍል ዕቃ ማቀበል ጀመሩ። ፊደል የማንበብ ዕድል አላገኙም ነበር። ዶክተር ሬጂናልድ ግን እጃቸው የተረጋጋ፣ ዐይናቸውም ያየውን የማይረሳ መሆኑን ስላስተዋሉ አጠገባቸው አቁመው አስተማሯቸው። በመጀመሪያ ክር ቈረጡ፤ ከዚያ ሰፉ፤ በመጨረሻም ጥገናውን ከመነሻ እስከ መድረሻ ራሳቸው የሚሠሩ ሆኑ። በ1989 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ የወርቅ ሜዳልያውን ለሐምሊኖች ሲሰጥ፣ ወይዘሮ ማሚቱም አብረው ተሸልመዋል። ከውጭ አገር የመጡ ባለ ዲግሪ ሐኪሞች አጠገባቸው ቆመው ጥገናውን ይማሩ ነበር።

የአላባማዎቹን ሴቶችና የወይዘሮ ማሚቱን ዕጣ ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ይገባል። በሁለቱም ዘንድ የሕክምናው ጥበብ ያደገው በድሆች ሴቶች ገላ ላይ ነው። በአንደኛው ስፍራ ሴቶቹ ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ ማስተማሪያ ሆኑ፤ ባለቤታቸውም ሌላ ሰው ነበር። በሁለተኛው ስፍራ በሽተኛዪቱ አስተማሪ ሆነች። አንድ ሐኪም ቤት ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ያለውን ግንኙነት ለመመርመር የሚሻ ሰው ከዚህ የበለጠ ግልጽ ልዩነት የሚያገኝ አይመስለኝም።

ስለ ገንዘቡም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ሕክምናው ለበሽተኛዪቱ ነጻ ነው ማለት ወጪ የለውም ማለት አይደለም። በአውስትራልያ፣ በኒውዚላንድ፣ በእንግሊዝ፣ በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች የተቋቋሙ ደጋፊ ማኅበራት ከአብያተ ክርስቲያናት፣ ከትምህርት ቤቶችና ከግለሰቦች እየሰበሰቡ ይልካሉ። በ2004 እ.ኤ.አ. ዶክተር ካትሪን በታዋቂዋ አሜሪካዊት በኦፕራ ዊንፍሪ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀርበው ከተናገሩ በኋላ ብዙ ገንዘብ ተገኝቷል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ከሩቅ አገር በሚመጣ ርኅራኄ ላይ የቆመ ሐኪም ቤት፣ ርኅራኄው ወደ ሌላ መከራ ባዘነበለ ጊዜ ይጨነቃል። ከዚህም ሌላ ለጋሽ የሚወደው ሥራ አለ፤ የማይወደውም አለ። የአንዲት ሴት ጥገና ምን ያህል ገንዘብ እንደሚፈጅ ተሰልቶ ለአንድ ሰጪ ሊነገረው ይችላል። የመንገድ፣ የአምቡላንስ፣ የሌሊት ተረኛ አዋላጅ ደመወዝ ግን እንዲህ ተቈራርጦ አይሰጥም፤ የመንግሥት ድርሻ ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ሁለት ዐይነት ሐሳብ ሥራ ላይ ዋለ። አንደኛው ፈጽሞ ሊድኑ ላልቻሉት የተደረገው ነው። ፊኛዋ ሙሉ በሙሉ የጠፋ ሴት በሌላ ቀዶ ጥገና ሽንቷ በሆዷ በኩል እንዲወጣ ይደረግላታል፤ ይህም ዕድሜ ልክ ክትትል ስለሚፈልግ ከሐኪም ርቃ መኖር አትችልም። ለእነዚህ ሴቶች ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ መንግሥት በሰጠው መሬት ላይ ደስታ መንደር ተመሠረተ። እዚያ ከጎጆ ጎጆ ተሰጥቷቸው እርሻና የእጅ ሥራ፣ ንባብና ንግድ ይማራሉ። በመጀመሪያ የዘለዓለም መጠለያ እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ እየቆየ ግን ሴቶቹ ሙያ ይዘው የሚወጡበት ማሠልጠኛ ወደ መሆን ዘወር ብሏል። ለውጡ የሚደገፍ ነው፤ ከሰው ተለይታ የኖረችን ሴት እንደ ገና ለብቻ በተሠራ መንደር ማኖር፣ ምንም በመልካም አሳብ ቢሆን፣ ልዩነቱን ማጽናት ይሆን ነበርና።

ሁለተኛው ሐሳብ ከአዲስ አበባ መውጣት ነው። ከወሎ ወይም ከኢሉባቦር ተነሥታ ወደ መናገሻ ከተማ ለመድረስ አቅም ያገኘችው ከብዙዎቹ አንዲቱ ብቻ መሆኗ የታወቀ ነበር። ስለዚህ በ1990ዎቹ መጨረሻ በባሕር ዳር፣ በመቀሌና በይርጋዓለም፣ ከዚያም በ2000ዎቹ መጀመሪያ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፍ ሐኪም ቤቶች ተከፈቱ። ቅርንጫፎቹ የተሠሩት በመንግሥት ሆስፒታሎች አቅራቢያ መሆኑ ብልህነት ነው፤ ፌስቱላን ለማከም የመጣ ሐኪም የተጨናነቀ ምጥ ለያዛት ሴትም ጎረቤት ሆነ።

ዶክተር ሬጂናልድ ይህን ሳያዩ በ1985 ዓ.ም. ዐርፈው ነበር። የአዋላጆቹ ትምህርት ቤት እንደ ገና የተከፈተው ከዚያ ሁሉ በኋላ በ2000 ዓ.ም. ነው። ሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ይባላል። ተማሪዎቹ ከየክፍለ ሀገሩ ገጠር ይመረጣሉ፤ አራት ዓመት ያለ ክፍያ ተምረው በዲግሪ ይመረቃሉ፤ ከዚያም ወደ መጡበት አገር ተመልሰው በመንግሥት ጤና ጣቢያ ለማገልገል ግዴታ ይገባሉ። የአገሩን ቋንቋና ልማድ የምታውቅ፣ አክስቷም አጎቷም በዚያው ወረዳ ያሉ አዋላጅ ከከተማ ከተላከች እንግዳ ይልቅ ትደመጣለች። ባልን ለምኖ፣ አማትን አሳምኖ ሴቲቱን በጊዜ ማስመጣት ራሱ የሙያው አንድ ክፍል ነውና።

የሕዝብ ጤና ሊቃውንት እናት የምትሞተው በሦስት መዘግየት ነው ይላሉ። የመጀመሪያው በቤት ውስጥ እንሂድ አንሂድ በማለት የሚጠፋው ጊዜ ነው። ሁለተኛው በመንገድ ላይ የሚጠፋው ነው። ሦስተኛው ከደረሱ በኋላ ሐኪም፣ ደም ወይም መሣሪያ በመታጣቱ የሚጠፋው ነው። በወንዝ ዳር ያለው ሐኪም ቤት ምንም ያህል ቢሰፋ ከሦስቱ አንዱንም ሊያሳጥር አይችልም፤ እርሱ ከሦስቱም በኋላ የሚመጣ ነው። አዋላጂቱ ግን የመጀመሪያውን በቀጥታ ታሳጥራለች፤ ሦስተኛውንም በከፊል። ሁለተኛው መንገድና መኪና ይጠይቃል።

በዚህ ጊዜ መንግሥትም ሥራውን አስፍቶ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከ30 ሺህ በላይ ሴት ሠራተኞችን በየቀበሌው አሠማራ። በ2000 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በጤና ድርጅት የሚወልዱት ኢትዮጵያውያት ከመቶው 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. 26፣ በ2019 እ.ኤ.አ. 48 ደረሱ። ከ100 ሺህ ሕያዋን ልደቶች የሚሞቱት እናቶች ቍጥርም በ2000 ጥናት 871፣ በ2016 ጥናት 412 ተብሎ ተገምቷል። ይህን ሁሉ ለአንድ ኮሌጅ ማስቈጠር አይገባም፤ ዋናው ድካም የመንግሥትና የእነዚያ በእግር የሚሄዱ የቀበሌ ሠራተኞች ነው። የበጎ አድራጎቱ ድርጅት ጥቅም ሌላ ቦታ ላይ ይታያል። ስለ ሕመሙ ለዐሥርት ዓመታት ያልተቋረጠ መዝገብ ይዞ፣ እያንዳንዷ ሴት ከየት ወረዳ እንደ መጣችና ምጧ ስንት ቀን እንደ ቆየ ጽፎ በማቈየቱ፣ አዋላጅ የሌለበትን አገር ከማንም በፊት ለማወቅ ይችላል። ከአንድ ወረዳ ሦስት በሽተኞች በአንድ ዓመት ከመጡ፣ መዝገቡ የዚያን ወረዳ ጤና ጣቢያ ይከስሳል።

ፌስቱላን በ2020 እ.ኤ.አ. ከአገር ለማጥፋት በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በኩል ዕቅድ ወጥቶ ነበር፤ አልተፈጸመም። በዚያው ዓመት በሰሜኑ አገር የተነሣው ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ብዙ ጤና ጣቢያዎችንና ሆስፒታሎችን አፈረሰ፤ መድኃኒት ተዘረፈ፤ አምቡላንስ ተወሰደ፤ መንገድ ተዘጋ። ምጥ ግን የጦር ሜዳ ውል አይጠብቅም። በጦርነቱ ዘመን በየቤታቸው የወለዱ ሴቶች ጉዳት ዘግይቶ የሚታይ ነው፤ ፌስቱላ የያዛት ሴት ወደ ሐኪም ቤት የምትመጣው አንዳንድ ጊዜ ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ ሆነ።

ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ2012 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ የክብር ዜግነት ተሰጥቷቸዋል። መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው በሐኪም ቤቱ ግቢ በሚገኘው ቤታቸው ዐረፉ። በመጨረሻው ዘመናቸው የሚናገሩት ስለ ጥገናው ሳይሆን ይበልጡን ስለ አዋላጆቹ ነበር።

የኮሌጁ ምሩቃን ወደ ጤና ጣቢያ ሲላኩ ከያዟቸው ነገሮች አንዱ በወረቀት ላይ የታተመ ሠንጠረዥ የማንበብ ችሎታ ነው። በሠንጠረዡ ላይ ምጡ ከበረታበት ሰዓት ጀምሮ የማሕፀን አፍ በየጊዜው ምን ያህል እንደ ተከፈተ፣ የሕፃኑ ልብ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደ መታ ይጻፋል። ለረዥም ዘመን ሲሠራበት በኖረው ዐይነት ላይ ሁለት መስመሮች ተሰምረዋል። የማሕፀን አፍ በሰዓት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል እየተከፈተ ከሄደ የሴቲቱ ምልክት ከመጀመሪያው መስመር በስተግራ ይቈያል። ያን መስመር ካለፈ አዋላጂቱ ትጠነቀቃለች፤ መኪናም ትጠራለች። ከእርሱ በአራት ሰዓት የሚርቀው ሁለተኛው መስመር ከመድረሱ በፊት ሴቲቱ ቀዶ ጥገና ከሚሠራበት ሆስፒታል መድረስ አለባት። አዋላጂቱ ያላት አራት ሰዓት ነው፤ ከዚያ ውስጥ የሚበልጠውን የሚወስደው መንገዱ ነው።